ሚዶና ብሩሽ በእኔ ራስ ላይ

ፀጉሬ ረጅም ነበር። ይህን የምለው ልመካበት አይደለም። ረጅም ፀጉር ያላት ልጅ የራሷ ጌታ እንደማትሆን ያየሁት በዚያ ምክንያት ስለሆነ ነው። ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር በእኛ ደጃፍ የምታልፍ ሴት ሁሉ ስለ ፀጉሬ አንድ ነገር ሳትናገር አታልፍም ነበር። አንዷ ቅቤ አንሶታል ትላለች። ሌላዋ ቅቤ በዝቶበታል ትላለች። ሦስተኛዋ ሳታስፈቅድ እጇን ትሰድና ሹሩባዬን እንደ በግ ላት መዝና፣ "ይኼ እኮ ዓይን ያርፍበታል" ብላ ትሄዳለች። የራሳቸው ፀጉር ሻሽ ሥር ገብቶ የት እንደደረሰ የማይታወቅ ሴቶች የእኔን ለማስተዳደር የነበራቸው ትጋት ዛሬም ይደንቀኛል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከወሎ መጥቶ ጅማ የከተመ፣ የስፌት መኪናውን በረንዳችን ላይ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሚሰፋና የማይናገር ሰው። በቤታችን ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ የምትናገረው እናቴ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጭኖቿ መሐል መሬት ላይ ታስቀምጠኝና ፀጉሬን በሚዶ ታበጥረዋለች። ሚዶዋ ከቀንድ የተሠራ፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከእናቷ የወረሰችው ዕቃ ነበር። ፀጉሩን አታረጥበውም። ደረቁን፣ ከሥር፣ ከራስ ቅሌ ጀምራ ወደታች ትጎትታለች። ሚዶው መሐል ላይ ሲያዝባት ጥፋቱ የፀጉሩ ሳይሆን የእኔ ግትርነት ይመስላታል።

"አንገትሽን አታክርሪ!" ትላለች። ከዚያ በሚዶው ጀርባ አናቴን ቋ ታደርገኛለች። ሳለቅስ ደግሞ አትቆጣም። "አልቅሺ" ትለኛለች በእርጋታ፤ "ልቅሶ ፀጉር ያሳድጋል።"

ለብዙ ጊዜ አምኛት ኖሬአለሁ። መጠራጠር የጀመርኩት አጠገባችን ያለችው ልጅ አባቷ ሞቶባት ዓመት ሙሉ ስታለቅስ ፀጉሯ አንዲት ጋት ሳይጨምር ሳይ ነው። እናቴ ከሚዶው ጥርስ ላይ የቀረውን ፀጉር በጣቷ ጠቅልላ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፤ ክፉ ሰው አግኝቶ ድግምት እንዳይሠራበት። በየሳምንቱ የምትሸጉጠው ጥቅል ትንሽ አልነበረም። ከሥሬ እየነቀለችው መሆኑን ግን አንድም ቀን አላሰበችም። ጠላት በውጭ ብቻ ይመስላት ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት የአባቴ ታናሽ ወንድም ከውጭ አገር ተመለሰ። አጋሮ በሚገኝ የቡና መፈልፈያ ውስጥ መካኒክ ነበር። ደርግ በዚያ ዘመን ሰው ወደ ሶሻሊስት አገሮች ለሥልጠና ሲልክ እሱንም ለጥቂት ወራት ልኮት ነበር። አንድ የሱፍ ኮት፣ አንዲት ትንሽ ሬዲዮና አንድ ብሩሽ ይዞ መጣ። ኮቱን በአጋሮ ሙቀት መልበስ አልቻለም፤ ሬዲዮዋ ጩኸት እንጂ ወሬ አልያዘችም። ብሩሹ ግን የሚስቱ ሆነ፤ መከራዬም ከእሱ ጋር መጣ።

የአጎቴ ሚስት የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ባሏን ተከትላ አጋሮ ገብታ ጭቃውን ይቅር ሳትለው የኖረች ሴት። ባሏ ውጭ አገር ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ እሷም አብራ የደረሰች ይመስል፣ "እዚያ እኮ" ሳትል አፏን መክፈት አቆመች። እዚያ እኮ ሰው ጎዳና ላይ አይተፋም። እዚያ እኮ ልጅ አይመታም። እዚያ የነበረው ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ግራሶ በክብሪት እንጨት ይጠርጋል እንጂ አንድም ቀን አላረማትም።

ቅዳሜ ቀን መጡ። እናቴ እንደ ልማዷ ጭኗ መሐል አስቀምጣኝ ስትጎትተኝ ደረሱ። የአጎቴ ሚስት ደፉ ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ምነው እትዬ!" አለቻት እናቴን። "ልጅቷን ሊገድሏት ነው?"

"እስካሁን አልሞተችም" አለች እናቴ ሳትዞር።

"ሚዶ እኮ ቀረ! ሚዶ ፀጉር ይበጥሳል። ውጭ አገር ሁሉም ሰው በብሩሽ ነው።"

"ውጭ አገር ሄደሽ ነበር እንዴ?"

"ባለቤቴ ሄዷል።"

እናቴ ቀና ብላ አጎቴን አየችው። አናቱ እንደ ጀበና ሆድ የሚያብረቀርቅ ራሰ በራ ነበር። "እሱማ ፀጉር የለው" አለች።

የአጎቴ ሚስት ይህን እንዳልሰማች አለፈችው። ቦርሳዋን ከፍታ ብሩሹን አወጣች። የእንጨት ጀርባ ያለው፣ ጭራው ጥቁርና ጠንካራ፣ ከእጅ መዳፍ ረዘም ያለ ነገር ነበር። ብሩሽ ደም እንደሚያዘዋውር፣ ደም ወደ ራስ ሲወጣ ፀጉር እንደሚመገብ አስረዳችን። እናቴ ደሜ ወደ ራሴ ከወጣ እግሬ ምን ሊሆን እንደሆነ ጠየቀቻት። የአጎቴ ሚስት ወደ ቅቤው ተሻገረች። ፀጉር ቅቤ መቀባት ኋላ ቀርነት ነው፣ የፊውዳል ቅሪት ነው አለች።

"ባለፈው በጠርሙስ ሞልተሽ ከእኔ ቤት የወሰድሽው ምን ነበር ታዲያ?"

"እሱ ለወጥ ነው እትዬ።"

እናቴን እዚያው ትታ እኔን ክንዴን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና በብሩሹ ጀመረች። እውነቱን ልናገር፤ አላመመኝም። ከአናቴ እስከ ወገቤ እየተንሸራተተ የሚወርድ ነገር ነበር እንጂ የሚጎትት ነገር አልነበረም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ራሴን ነክቶኝ አላለቀስኩም። በዚያ ቅዳሜ የአጎቴን ሚስት ወደድኳት። ያላመመኝ ብሩሹ ወደ ውስጥ ስለማይገባ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ላይ ላዩን ያስተኛል፣ ያብለጨልጫል፣ ከሥሩ ያለውን እንደተቋጠረ ትቶት ይሄዳል። የብሩሹ ባለቤትም እንደዚያው ነበረች።

የመጣችበትን ጉዳይ የተናገረችው ከምሳ በኋላ ነው። በአጋሮ የቀበሌያቸው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆና ነበር። ቀበሌው የኪነት ቡድን አለው። ቡድኑ መስከረም ላይ ለአብዮት በዓል ጅማ መጥቶ ሊወዳደር ነው። በጭፈራው መሐል ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ፈተው የሚበትኑበት ቦታ አለ፤ ፊት መስመር ላይ የምትቆም ረጅም ፀጉር ያላት ልጅ ግን አጋሮ ውስጥ አልተገኘችም። ልጃገረዶች ጠፍተው ሳይሆን እናቶቻቸው አንሰጥም ብለው ነው። እኔ ክረምቱን እሷ ዘንድ ከርሜ ፀጉሬም በዘመናዊ መንገድ ተይዞ...

"አይሆንም" አለች እናቴ።

"የቀበሌው ሱቅ ሳሙና መጥቶለታል" አለች የአጎቴ ሚስት። "ስኳርም ሳይገባ አይቀርም።"

ሳሙና በዚያ ወቅት በጅማ ለሰልፍ እንኳን አይገኝም ነበር። እናቴ ሚዶዋን በቀሚሷ ጠረገች። ፀጉሬን ትወደው ነበር፤ ፍቅሯ የሚደርሰው ግን እስከ ሳሙና ድረስ ነበር። በማግስቱ የአጋሮ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ።

አጋሮ ክረምቱን ሙሉ ዘነበ። የአጎቴ ሚስት በቤቷ ሕግ አወጣች። ሹሩባ የለም፤ ፀጉር መተንፈስ አለበት። ቅቤ የለም፤ ይሸታል። ሚዶ በቤቷ ውስጥ እንዳይታይ። ጠዋት ጠዋትና ከልምምድ ስመለስ በብሩሽ። እንደተፈታ ፀጉሬን ይዤ ከፀጉሬ የሚሻክር ብርድ ልብስ ላይ እተኛለሁ። በላብ ርሶ፣ በዝናብ ርሶ፣ በልብስ ሳሙና ታጥቦ፣ ቅባት የሚባል ሳያይ ይውላል። ጠዋት እንደ ቁጥቋጦ ተነፍቶ ስነሳ በብሩሹ ላይ ላዩን ደብድባ ታስተኛዋለች። ከላይ ያየው ሰው ሐር ነው ይል ነበር።

የማኅበሩ ስብሰባ ደግሞ በረንዳዋ ላይ ይደረጋል። ስለ ማይምነት ማጥፋትና ስለ ጓሮ አትክልት ተነጋግረው ሲያበቁ እኔን ትጠራኛለች። ወንበር ላይ ታስቀምጠኝና ጀርባዬን ለሴቶቹ አዙራ፣ "ጓዶች፣ ልብ በሉ" ብላ ትጀምራለች። ብሩሹን ትስባለች። ስለ ደም ዝውውር ትናገራለች። ሚዶ ሴትን እንዴት እንደጨቆነ ትናገራለች። ከቡና ለቀማ፣ ከገበያ፣ ከልጅ ጥበቃ ተነስተው የመጡ ሴቶች ጭቃ በያዘ እግራቸው ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ካላጨበጨቡ ስኳሩ ሊቀርባቸው ይችላል። አንዲት በጣም የደከማት እናት ሕፃኗን ጡት እያጠባች በአንድ እጇ ጉልበቷን መታ መታ ስታደርግ አይቻታለሁ። ያን ያህል ነበር የብሩሽ ድል።

ማጅራቴ ላይ አንድ ነገር እየጠጠረ መሆኑን ያወቅሁት በልምምዱ መሐል ነው። ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ አላስገባኝም። በመጀመሪያ የለውዝ ፍሬ ያህል ነበር። ከዚያ የእንቁላል ያህል ሆነ። ከዚያ ጎንና ጎኑ ካሉት ጋር ተያያዘና ከጆሮ እስከ ጆሮ እንደ በርኖስ ተዳወረ።

"እትዬ፣ ፀጉሬ ከውስጥ ተያይዟል" አልኳት።

"ውስጡን ማን ያየዋል?" አለችኝና ብሩሹን አነሳች።

አንድ እሑድ ቀን እሷ ስብሰባ ሄዳ እኔ ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቋጠሮውን በጣቴ ለመፍታት ስታገል አጎቴ አገኘኝ። የተበላሸ ፓምፕ ታቅፎ ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለና የማለቅሰውን ለቅሶ ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ ፈገግ አለ።

"ያ ብሩሽ እኮ የፀጉር አይደለም" አለኝ።

"የምን ነው ታዲያ?"

"የኮት። ኮቱን ስገዛ አብረው ሰጡኝ። አቧራ ማራገፊያ ነው።"

አፌን ከፍቼ አየሁት። እሱ ፓምፑን እያገላበጠ ቀጠለ። "ሻንጣውን ስከፍት ቀድማ አነሳችው። 'ለእኔ ነው?' አለች። ምን ልበላት? ለእሷ ምንም አላመጣሁም ነበር። አዎ አልኳት። የራስ ነው ወይ ስትለኝ አዎ አልኩ። ከዚያ ወዲህማ ማኅበሩ ሁሉ አወቀው።" ትንሽ ሳቀ። "እንዳትነግሪያት አደራ።"

አደራውን አልተቀበልኩም። ማጅራቴ እየነደደኝ የሰው ትዳር የምጠብቅበት ምክንያት አልታየኝም። ከስብሰባዋ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ነገርኳት። "እትዬ፣ ብሩሹ የኮት ነው። አቧራ ማራገፊያ ነው።"

"ማን አለ?"

"ጋሼ ናቸው ያሉኝ።"

ወደ እሱ ዞረች። እኔም ዞርኩ። አጎቴ ዓይኑን ከፓምፑ ላይ አላነሳም።

"እኔ?" አለ። "እኔ መቼ?"

ቤት የሚያክል መፈልፈያ ብቻውን ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነበር። የአጋሮ ነጋዴዎች ማሽናቸው ሲቆም እንደ ሐኪም ይለምኑት ነበር። ስለ አንድ ብሩሽ ግን አፉን መክፈት አልቻለም። ሚስቱን መፍራቱን እረዳለሁ፤ እኔም እፈራት ነበር። ያልተረዳሁት በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጀርባ ተሸሽጎ ሲያበቃ ማታውን እንደ ወትሮው ሽሮውን መብላቱ ነው። የአጎቴ ሚስት ውሸታም አለችኝ። የእናቴ ትምህርት ነው አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩሹን ሁለት እጥፍ አጠንክራ ትይዘው ጀመር።

በዓሉ ሲደርስ ቡድኑ በጭነት መኪና ተጭኖ ጅማ ገባ። እኔና የአጎቴ ሚስት እኛ ቤት አረፍን። ውድድሩ በማግስቱ ነበር። እናቴ ገና ሳትስመኝ እጇ ወደ ፀጉሬ ሄደ። ከላይ ዳበሰችው፤ ፊቷ ላይ ቅናት አየሁ። ከዚያ ጣቷን ማጅራቴ ላይ አስገባች። አልሄደላትም። ደግማ ሞከረች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ትንሽ ተያይዟል" አለች የአጎቴ ሚስት። "በብሩሽ ይለቃል።"

እናቴ ጎረቤታችን ያሉትን ሹሩባ ሠሪ አስጠራች። እኚህ ሴት የጅማ ተወላጅ ነበሩ፤ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ ጎንጉነው የዳሩ። መጥተው ፀጉሬን ከፍ ሲያደርጉት በያዙት ጨርቅ አፋቸውን ሸፈኑ።

"ያ ረቢ! ኢንተላ ኮ፣ ማል ታኤ? ምን ሆነሽ ልጄ?" አሉኝ። እኔ ልመልስ ስል ቀደሙኝ። "ዓይን ነው። ወላሂ ዓይን ነው። ሰው ፊት ፀጉሯን እየፈቱ ሲያሳዩ... ጤና አዳም አንጠልጥሉባት።"

"ምን ጤና አዳም! የብሩሽ ሥራ ነው!" አለች እናቴና ሚዶዋን ከትራሷ ሥር አመጣች።

"በሚዶ እንዳትነኳት!" አለች የአጎቴ ሚስትና ብሩሹን ከቦርሳዋ አወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፍራለሁ፤ የማፍረው በእነሱ ነው። እናቴ በግራ በኩል ከሥር ጀምራ በሚዶው ትጎትታለች። የአጎቴ ሚስት በቀኝ በኩል ላይ ላዩን በብሩሹ ትገርፋለች። ሹሩባ ሠሪዋ፣ "ሱታ! ሱታ! ቀስ በሉ!" እያሉ አንገቴን አጥብቀው ይዘዋል። በአናቴ ላይ ይሰዳደባሉ። እናቴ የቀበሌ ሳሙና በላሽ ትላለች፣ የአጎቴ ሚስት ኋላ ቀር ትላለች። ከሚዶው ጥርስ ተሰብሮ ጭኔ ላይ ወደቀ። እናቴ ለእኔ ልቅሶ ያልደነገጠችውን ያህል ለጥርሱ ደነገጠች። "የእናቴ ሚዶ!" አለች። ያን ጊዜ ነው ልቅሶዬ የቆመው። ለምን እንደቆመ አላውቅም። ሦስቱም ጥርሱን ለማየት ሲጎነበሱ ከመሐላቸው ተነሳሁና ወደ በረንዳው ወጣሁ።

አባቴ መኪናው ላይ አጎንብሶ ይሰፋ ነበር። ትልቁ መቀሱ በጎኑ ነበር። አነሳሁት። ቋጠሮውን በግራ እጄ ከማጅራቴ ገንጠል አድርጌ ይዤ መቀሱን ከሥሩ አስገባሁ። በአንድ ጊዜ አልቆረጠም። እንደ ወፍራም ጨርቅ እየተንጫጫ ትንሽ ትንሽ ነው የሄደው።

አባቴ ቀና አለ። ያንን ክረምት ሁሉ ስለ እኔ ፀጉር አንዲት ቃል አልተናገረም ነበር። አሁን ተናገረ።

"ያ መቀስ የጨርቅ ነው!" አለ።

መቁረጤን ቀጠልኩ። ፀጉሬ ባንድነት እንደተያያዘ፣ ከላይ እያብለጨለጨ ከታች እንደ በርኖስ እንደተዳወረ፣ በረንዳው ላይ ወደቀ። አንገቴ ላይ ንፋስ ነካኝ። እንዲያ ያለ ቀላል ነገር ከዚያ በፊት ተሰምቶኝ አያውቅም። ሴቶቹ ተከታትለው ወጡ። የአጎቴ ሚስት፣ "ነገ እኮ ነው! ነገ!" ብላ ጮኸች። እናቴ፣ "ልጄን ላጨቻት!" ብላ ጮኸች፤ መቀሱ በእኔ እጅ ላይ እያለ። ሹሩባ ሠሪዋ ብቻ ምንም ሳይሉ ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የቡድኑ መሪ የራሱን ፀጉር አፍሮ ያበጠረ ወጣት ነበር። ጠዋት አዳራሹ ጓሮ ሲያየኝ ዙሪያዬን ዞረ። "ፀጉሯ የት አለ?" አለ። የአጎቴ ሚስት፣ "በሚዶ አበላሿት" አለች። ወዲያው ግን ፊቷ በራ። "ፀጉሩ አለ እኮ!" አለችና በፌስታል የያዘችውን አወጣች። ጠቅልላ ይዛው መጥታ ነበር። ሪባን ላይ ሰፍታ ሌላ ልጅ አናት ላይ አሰረችው። ልጅቷ በራሷ ፀጉር ላይ የእኔን ተሸክማ ፊት መስመር ቆመች። እኔን ምን እንደሚያደርጉኝ ሲያስቡ ሚሊሺያ ሆኖ የሚሠራው ልጅ በወባ ተይዞ አጋሮ መቅረቱ ትዝ አላቸው። ካኪ አለበሱኝ፣ ቆብ ደፉብኝ፣ ከእንጨት የተጠረበ ጠመንጃ አስያዙኝ። ከኋላ ጥግ ላይ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ምንም አትናገሪ አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ከተሰጠኝ ትእዛዝ ሁሉ በደስታ የፈጸምኩት እሱን ብቻ ነው።

ጭፈራው ፀጉር የሚበተንበት ቦታ ላይ ደረሰ። ልጃገረዶቹ አንገታቸውን ሰበቁ። ሪባኑ ተፈታ። የእኔ ፀጉር ከልጅቷ አናት ተስፈንጥሮ በአየር ላይ ሄደና ከመድረኩ በታች፣ ባለ ሥልጣናቱ በተቀመጡበት የፊት ረድፍ፣ አንድ ወፍራም ጓድ እግር ሥር አረፈ። ጓዱ ሁለት እግሩን ወደ ላይ አነሳ። ከዚያ የቡድኑ መሪ፣ እግዜር ይስጠው ልበል ወይስ ይይለት አላውቅም፣ ከመድረኩ ዳር ክንዱን ወደ ላይ ወርውሮ፣ "ፊውዳሊዝም ይውደም!" ብሎ ጮኸ።

"ይውደም!" አለ አዳራሹ ተነስቶ። ጓዱም እግሩን መለሰና ፀጉሬን በቡት ጫማው ረገጠው። ጭብጨባው አልቆም አለ። ሁለተኛ ወጣን። የቡድኑ መሪ ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ ትርኢቱ እንዲያ ተብሎ የተዘጋጀ መሆኑን ያስረዳ ነበር፤ የአጎቴ ሚስት ደግሞ ሐሳቡ የእሷ መሆኑን።

ትምህርት ሲከፈት የክፍሌ ልጆች ሚሊሺያ አሉኝ። ግድ አልሰጠኝም። ሻሽ ሳላስር አጭር ፀጉሬን ይዤ እሄድ ነበር። አንገቴ ላይ ፀሐይ ያርፍበታል። የሚመክረኝም አልነበረም፤ አጭር ፀጉር ላይ ማንም ሐሳብ የለውም።

ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ግን አማካሪዎቹ ተመለሱ። እናቴ አንድ ቅዳሜ የተሸረፈውን ሚዶዋን ይዛ፣ "ነይ ቁጭ በይ" አለችኝ። አልቀመጥም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "የማን ልጅ ናት ይቺ?" አለች ግድግዳውን። እኔ ከሐሙስ ገበያ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ የእንጨት ሚዶ ገዝቼ ነበር። በሩን ዘግቼ ፀጉሬን አጠብኩ። እንደረጠበ ቅባት ነገር ቀባሁት፤ ቋጠሮውን በጣቴ ፈታሁ። ከዚያ ከጫፉ ጀምሬ፣ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ እየወጣሁ አበጠርኩት። እንደዚያ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም። በሁለቱ ሴቶች እጅ ሲሆን ያየሁትን ሁሉ ተቃራኒውን ለማድረግ ብቻ ነው የወሰንኩት፤ ትክክል ሆኖ ተገኘ። አንድም ፀጉር ግድግዳ ውስጥ የሚሸጎጥ አልቀረም ብል ማጋነን ነው። ግን ጥቂት ነበር፤ እሱንም ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።

ኋላ ትልቅ ሰው ሆኜ ደህና ብሩሽም ገዝቻለሁ፤ የእውነት የፀጉር የሆነ። የፊቴን ፀጉር አስተኛበታለሁ። ከዚያ ያለፈ ሥራ አልሰጠሁትም። አሁንም ወጣት ሴቶች ብሩሽ ይሻላል ሚዶ ብለው ይጠይቁኛል። የተቋጠረውን የሚፈታ ሚዶ ነው፣ ብሩሽ ላዩን ብቻ ያሳምራል እላቸዋለሁ። ሁለቱም በደረቅ ፀጉር ላይ ከሥር ጀምሮ ከተጎተቱ ይነቅላሉ። የሚጠይቁኝ ግን ከመስማት ይልቅ የያዙትን ዕቃ እንዳደንቅላቸው ይመስለኛል።

እናቴና የአጎቴ ሚስት ከዚያ ውድድር በኋላ ጥቂት ተኳረፉ። ከዚያ ታረቁ፤ ያስታረቃቸው የእኔ ክፋት ነው። በተገናኙ ቁጥር ስለ ምስጋና ቢስነቴ ሲያወሩ ፍቅራቸው እየጠነከረ ሄደ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ፀጉሬ እንደገና ወገቤ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤታችን እንግዳ ተሰብስቦ ሳለ አንዲት ሴት ፀጉሬን አድንቃ በምን እንዲህ እንዳደገ ጠየቀች።

"በእኔ እጅ ነዋ" አለች እናቴ። "ከልጅነቷ በሚዶ ነው ያሳደግሁት።"

"እኔ ዘንድ የከረመችበት ክረምት ነው የጠቀማት" አለች የአጎቴ ሚስት። "ብሩሹ አሁንም አለ።"

አጎቴ አጠገቧ ተቀምጦ ጣሪያውን ያይ ነበር። ለሁሉም ሻይ ቀዳሁላቸው። ለእሱ ስኳር ሳልጨምር ሰጠሁት፤ ጠጥቶ ዝም አለ።